ፊትና ሁሉ ፈተና አይደለም፦ የአረብኛን ሥርወ ቃል ራሳችሁ የምትፈትሹበት መንገድ

አለም ባንክ፣ ፉሪ፣ ካራቆሬ አካባቢ ከመግሪብ በኋላ ደርስ (የሃይማኖት ትምህርት) የሚቀመጡ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። አንድ ቃል ትናንት በአንዱ ኪታብ እንዲህ ተባለ፣ ዛሬ በሌላው ሌላ ሆነ፣ የቱን እንያዝ? ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ነው። ዋናው ነገር ቃሉ በዚያ ቦታ ላይ የትኛውን ትርጉም እንደያዘ ማወቅ ነው፣ ይሄን ደግሞ ኡስታዝ ሳይጠብቁ ራስ መሥራት ይቻላል።

የአረብኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፣ ለመለማመጃ ፋእ፣ ታእ፣ ኑን የሚሉትን ሦስት ፊደላት እንያዝ። ፊትና የሚወጣበት ሥር ነው። የመረጥኩት እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ስለሚያዘናጋ ነው። ፈተና፣ ፈታኝ፣ ተፈታኝ እያልን ስላደግን ፊትና ሲባል ገና ሳይጨርሱልን ገባን እንላለን። ግዕዙም ፈተነ ይላል፣ ዝምድናው እውነት ነው። አረብኛው ግን ከዚያ ተነስቶ ብዙ ርቆ ሄዷል።

መጀመሪያ ሥሩን አውጡ። በሶርፍ (የቃል አፈጣጠር) ትምህርት በቃል ላይ ሊጨመሩ የሚችሉት ፊደላት አስር ናቸው፣ «ሰአልቱሙኒሃ» በሚለው ቃል ውስጥ ተሰብስበዋል፣ እሱን በቃላችሁ ያዙት። «መፍቱን» የሚል ስታገኙ ሚሙንና ዋዉን አንሱ፣ ፈተነ ይቀራል። «ዩፍተኑን» ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ውስጥ ሁለት ኑን አለ። የመጀመሪያው የሥሩ ነው፣ የመጨረሻው ብዙ ቁጥር ከሚያሳየው ዋው ጋር የተጨመረ ነው፣ ሁለቱንም ከጣላችሁ ሥሩ ጠፋ። ታእም ከአስሩ አንዷ ናት፣ እዚህ ግን የሥሩ አካል ስለሆነች አትነካም። «ኢፍተተነ» ላይ ደግሞ ታእ ሁለት ጊዜ ትመጣለች፣ አንዷ የሥሩ ሌላዋ ተጨማሪ። አስሩ ፊደላት ሊጨመሩ ይችላሉ ማለት ሁልጊዜ ይጨመራሉ ማለት አይደለም፣ ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ቃሙስ (መዝገበ ቃላት) ክፈቱ። የዛሬዎቹ ቃሙሶች በሥሩ የመጀመሪያ ፊደል ይደረደራሉ፣ ስለዚህ ፋእ ላይ ትሄዳላችሁ። በ711 ሂጅሪ (በእስልምና አቆጣጠር) የሞተው የኢብን መንዙር «ሊሳኑል ዐረብ» ግን በመጨረሻው ፊደል ነው የሚደረደረው። ኑን የሚለውን ምዕራፍ ትከፍቱና ከሱ ውስጥ የፋእን ክፍል ትፈልጋላችሁ። ይሄን ሳያውቁ ፋእ ላይ ፈልገው «የለም» ብለው የሚዘጉ አሉ። የቤይሩቱ እትም አስራ አምስት ቅጽ ስለሆነ ከመርካቶ ተሸክሞ በታክሲ ፉሪ ማድረስ ቀላል አይደለም፣ በስልክ ጭናችሁ ኔትወርክ ሳያስፈልግ ብታነቡት ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስታነቡ እስከ መጨረሻው አንብቡ። እዚህ ላይ በጣም ነው የምለምናችሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ያይና ይዘጋል፣ ድሮ የተጻፉት ቃሙሶች ግን የተለመደውን ትርጉም ፊት ላይ እናስቀምጥ ብለው አልተጻፉም። እናንተ መጀመሪያ የምትፈልጉት በእጅ የሚጨበጠውን፣ በዓይን የሚታየውን ትርጉም ነው። ለዚህ ሥር እሱ ወርቅና ብር ነው፦ ፈተነ ማለት ወርቁን እሳት ውስጥ ከተተ፣ አቀለጠና ጥሩውን ከመጥፎው ለየ። እኛም ወርቅ በእሳት ይፈተናል ስለምንል እዚህ ድረስ አብረን ነን። ቀጥላችሁ ስታነቡ ወርቅ አንጥረኛው ራሱ «ፈታን» ሲባል ታገኛላችሁ። ሰይጣንም «ፈታን» ይባላል። ዲናርና ዲርሀም ሁለቱ በአንድ ላይ «ፈታናን» ይባላሉ። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ «ፈቲን» ነው፦ ጥቁር ድንጋይ የሸፈነው፣ የተቃጠለ የሚመስል መሬት። ወርቅም ሰውም የለበትም፣ እሳቱ ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ቁርኣን ውስጥ ግቡ። ይህ ሥር 60 ጊዜ ይመጣል፣ ከነዚህ ውስጥ «ፊትና» የሚለው ስም ብቻ 34 ጊዜ ነው። 60 ቦታ በአንድ ደብተር ያልቃል። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መስመር ስጡና አራት ነገር ጻፉ፦ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማነው፣ የሚፈጸምበት ማነው፣ ከቃሉ ቀጥሎ የመጣው መስተዋድድ ምንድነው፣ በፊትና በኋላ ያለው አንቀጽ ስለምን ያወራል።

መስተዋድዱን በቀላሉ አትዩት። «ዐን» ሲከተል ትርጉሙ ከአንድ ነገር ማሳት፣ ማዘናጋት፣ ማዞር ይሆናል፣ አል-ማኢዳህ የሚለውን ምዕራፍ አንቀጽ 49ን እዩ። ከቁርኣን ውጭ «ፉቲነ ቢ» ሲባል በአንድ ነገር ወይም በአንድ ሰው ፍቅር መነደፍ ነው። «በይነ» ከተከተለ በሰዎች መካከል የገባ ጠብ ነው፣ በየሰፈራችን «ፊትና አታስነሳ» ስንል የምንይዘው ይሄንን ነው።

ጥቂት ቦታዎችን አብረን እንይ። አል-አንፋል 28 ገንዘባችሁና ልጆቻችሁ ፊትና ናቸው ይላል፣ እዚህ የኛው ፈተና ልክ ይገባል። አል-አንቢያእ 35 በክፉም በደጉም ነው ይላል፣ ስለዚህ ፊትና መከራ ብቻ አይደለም፣ ድሎትም ነው። አዝ-ዛሪያት 13 ላይ ሰዎች እሳት ላይ «ዩፍተኑን» ይላል፣ ይሄ መቀጣት፣ መቃጠል ነው፣ የድሮው የወርቁ እሳት ተመልሶ መጣ። አል-አንዓም 23 ላይ ደግሞ ከሙፈሲሮች (ቁርኣንን ከሚፈቱ ሊቃውንት) ብዙዎቹ «ማመካኛቸው» ብለው ፈትተውታል፣ ፈተና ብላችሁ ብትተረጉሙት ዐረፍተ ነገሩ ይሰበራል። አል-ቀለም 6 ላይ «መፍቱን» አእምሮው የተነካ ማለት ነው።

አል-በቀራህ 191ን በደንብ ቆም ብላችሁ እዩት። «ፊትና ከመግደል የበረታ ነው» የሚለውን ብዙ ሰው ወሬ የሚያመላልስ ጎረቤት ሲያጋጥመው ይጠቅሰዋል። አንቀጹን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። የሚያወራው ስለ ውጊያ ነው፣ «ካወጧችሁ ስፍራ አውጧቸው» ይላል፣ ከመካ ስለተባረሩ ሰዎች ነው። ሙፈሲሩ ጠበሪ የሚፈታው አማኝን ከሃይማኖቱ እስኪመለስ ድረስ ማሰቃየት ብሎ ነው። ወሬ ማመላለስ መጥፎ ነው፣ ግን ይሄ አንቀጽ ስለሱ አይደለም፣ የቁርኣንን ቃል ለጎረቤት ጠብ ማዋል ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄንኑ ትርጉም ይዛችሁ ወደ ሀገራችን ታሪክ ኑ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ615 ገደማ ሰሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ሲራው (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) «ፊትናን ፈርተው» ወጡ ይላል። ፈተና ፈርተው ብላችሁ ካነበባችሁ ታሪኩ ይሳሳል። የሸሹት ግርፋቱን፣ ረሃቡን፣ ሃይማኖታቸውን በጉልበት መነጠቁን ነበር። አል-ቡሩጅ 10 ላይ አማኞችን «የፈተኑ» የሚላቸው እሳት የነደደበት ቦይ ባለቤቶች ናቸው፣ ከሙፈሲሮች ብዙዎቹ ታሪኩን በፈረንጅ አቆጣጠር በ523 አካባቢ ከተጨፈጨፉት የነጅራን ክርስቲያኖች ጋር ያገናኙታል። አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው በነሱ ምክንያት ነው። አንዱ ሥር ሁለት ጊዜ አክሱም ድረስ ያመጣናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሥሩን ዋና ትርጉም ካገኛችሁ በኋላ በየቦታው በግድ አትክተቱት። «ወርቅ ማቅለጥ ስለሆነ እዚህም የማጥራት ትርጉም አለው» የሚል ስብከት ጆሮ ይማርካል፣ ግን የቃሉን ትርጉም የሚወስነው በዚያ ቦታ አረቦቹ እንዴት እንደተጠቀሙበት ነው። በ395 ሂጅሪ የሞተው ኢብን ፋሪስ የየሥሩን መሠረት መፈለግ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ነው፣ ለፈተነ አንድ መሠረት ሰጠ፣ መሞከር። ዐይን፣ ጂም፣ ሚም ላይ ሲደርስ ግን ሦስት መሠረት አስቀመጠ፦ ዝምታ፣ ጥንካሬ፣ መንከስ። የወሎ ሰው አማርኛን በአረብ ፊደል ሲጽፍ «አጀሚ» የሚለው ቃል ከዚህ ሥር ነው። ሁሉንም በግድ አንድ ያላደረገው እሱ ከሆነ እኛም አንቸኩል።

የዛሬን አረብኛም በድሮው ላይ አትጫኑ። ዛሬ «ፋቲና» ሲሉ ቆንጆ ሴት ማለታቸው ነው፣ ከ«ፉቲነ ቢ» ትርጉም ጋር የሚሄድ ነው። በቴሌቪዥን የሰማችሁትን ይዛችሁ የድሮ ኪታብ ከከፈታችሁ ትሳሳታላችሁ።

ፈተነን ስትጨርሱ ዷድ፣ ራእ፣ ባእን ያዙ፣ መታ የሚለውን። አል-በቀራህ 60 ላይ በትር ድንጋይ ይመታል። አን-ኒሳእ 101 ላይ «በምድር ላይ» የሚለው ሲከተለው ጉዞ ነው። ኢብራሂም 24 ላይ ምሳሌ ማምጣት ነው። አል-ከህፍ 11 ላይ ጆሯቸው ላይ ሆኖ ይመጣል። እዚያ ማንም አልተመታም፣ በዋሻው ያሉት ወጣቶች ምን እንደሆኑ ደብተራችሁ ላይ ራሳችሁ ጻፉት።