ገጽ ላይ ስላለ ብቻ አትምረጡት፦ ለቲ ሴል ክትባት የባክቴሪያ ፕሮቲን አመራረጥ

ሐዋሳ ሆናችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ የክትባት እጩ ፕሮቲን ልትፈልጉ ነው? ለጅምሩ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና መብራት ካለ ይበቃል። መብራቱን ግን እኔ ቃል አልገባም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አጥማጁ ዓሣውን የሚያየው ሙሉውን፣ ከነቅርፊቱ ነው። እናንተ ጋ ከዳጣ ጋር የሚደርሰው ግን ተቆራርጦ ነው። አንቲቦዲ (ደም ውስጥ የሚዞረው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) እንደ አጥማጁ ቅርፊቱን ነው የሚይዘው። ቲ ሴል የሚባለው የመከላከያ ሴል ደግሞ እንደ እናንተ ነው፤ ሌላ ሴል ባክቴሪያውን ውጦ፣ ከትፎ፣ ቁራጩን ኤችኤልኤ በሚባል ሳህን ላይ ካላቀረበለት ምንም አያይም። ስለዚህ ፕሮቲኑ የባክቴሪያው ገጽ (የውጭ አካሉ) ላይ መሆኑ ብቻውን ለቲ ሴል ትርጉም የለውም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ለምን ገጽ ላይ ያለውን እንፈልጋለን? ቲቢን ውሰዱ። ባክቴሪያው ማክሮፌጅ በሚባለው ባክቴሪያ ዋጭ ሴል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ አንቲቦዲ እዚያ በቀላሉ አይደርስበትም። በሕይወት እያለ ገጹ ላይ የሚያወጣው ወይም ወደ ውጭ የሚለቀው ፕሮቲን ግን ቀድሞ ተከትፎ ሳህን ላይ የመውጣት ዕድል አለው። ሆዱ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው እስኪሞት ይጠብቃል።

ወደ ሥራው። የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች ዩኒፕሮት ከተባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት አውርዱ። ሲግናልፒና ፒሶርትቢ የተባሉት ፕሮግራሞች የትኛው ወደ ገጽ ወይም ወደ ውጭ እንደሚወጣ ይገምቱላችኋል፣ ዝርዝሩም በጣም ያጥራል።

ቀጥሎ፣ ክትባቱ ቲ ሴልን በራሳችን ሰውነት ላይ እንዳያስነሳ፣ ከሰው ፕሮቲን ጋር ብላስት በተባለው የማነጻጸሪያ ፕሮግራም አስተያዩት። እኔ ይህን ወደ መጨረሻ ገፍቼው የሳምንት ሥራዬ ገደል ገብቷል። ሙሉ ፕሮቲኑ አይመሳሰልም ብላችሁም እንዳትዘናጉ፣ ቲ ሴል የሚያነበው አጭር ቁራጭ ስለሆነ ቁራጮቹንም ለየብቻ ፈትሹ። አሜሪካ ውስጥ ኦስፒኤ ከተባለ የገጽ ፕሮቲን የተሠራው የላይም በሽታ ክትባት ቁራጩ ከሰው ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል ተብሎ ተጠረጠረ። ጥርጣሬው አልተረጋገጠም፤ ግን ገበያው ቀዝቅዞ በ2002 ተቋረጠ።

አሁን ቁራጩ ሳህኑ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ የሚገምተው አይኢዲቢ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። ረዳት ለሆኑት ሲዲ4 ሴሎች 15፣ ገዳይ ለሆኑት ሲዲ8 ሴሎች 9 አሚኖ አሲድ እየቆረጣችሁ ሞክሩ። ውጤቱ በፐርሰንታይል (ከመቶ በሚሰጥ ደረጃ) ሲመጣ ትንሹ ቁጥር ነው ጥሩው! ገልብጠው አንብበው የወደቀውን ቁራጭ አሸናፊ ብለው የሚያስረክቡ አሉ። ደግሞ ሳህኑ የሁላችንም አንድ አይደለም፤ የኤችኤልኤ ዓይነቶች በሺዎች ይቆጠራሉ፣ አንዱ ሰው ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ሌላው ላይ ይንሸራተታል። ብዙ ሳህን ላይ የሚቀመጠውን ምረጡ።

አንድ ፕሮቲን ብቻ ይዛችሁም አትቅረቡ። ኤም72 የሚባለው የቲቢ ክትባት ሁለት የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች አጣብቆ የተሠራ ነው፤ ኬንያ፣ ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባክቴሪያው በሰውነታቸው ባለ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ በ3 ዓመት ውስጥ የሳንባ ቲቢን 50 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁ ግን ግምት ነው። ከዚህ በኋላ የሰው ደም ተወስዶ፣ ቲ ሴሎቹ ቁራጩን ሲያገኙ ኢንተርፌሮን ጋማ (ቲ ሴል ሲነቃ የሚለቀው ፕሮቲን) ያመነጩ እንደሆነ መለካት አለበት። ለዚያ ላፕቶፑን ዘግታችሁ አዲስ አበባ፣ አርማወር ሐንሰንን ወደመሰለ የምርምር ተቋም የትብብር ደብዳቤ መጻፍ ነው።