ቴርሞሜትሩን ብቻ አትመኑ፦ ድንገተኛ ክፍል በመጣ ልጅ ላይ ሴፕሲስን እንዴት ቶሎ እንያዝ?

ቴርሞሜትር ከማንሳታችሁ በፊት የልጁን እግር ያዙ። መጀመሪያ ጣቱን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ጉልበቱን። ሙቀቱ የት ጋ እንደሚጀምር እጃችሁ ይነግራችኋል። ደረቱ እሳት ሆኖ እግሩ እስከ ጉልበቱ ከቀዘቀዘ ያ ልጅ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ለምትመደቡ አዲስ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ኢንተርኖች ነው። ክረምት ሲገባ ታዩታላችሁ። ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ አንዳንዴም ከቦንጋ ድረስ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ፣ በባጃጅ ዝናብ እየመታው የደረሰ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ኮሪደሩን ይሞላዋል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ ሁሉም ጋ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፣ «ትኩሳት»። አብዛኞቹ ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ የጆሮ ህመም ወይም ወባ ነው ያለባቸው። ታክመው ቤታቸው ይገባሉ። ከመሃላቸው ግን ኢንፌክሽኑ ከተነሳበት ቦታ አልፎ ልቡን፣ ሳንባውን፣ አንጎሉን፣ ኩላሊቱን መጉዳት የጀመረ ልጅ ይኖራል። ሴፕሲስ የምንለው ይህንን ነው፤ እሱን ነው የምንፈልገው።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችን የተማርነው በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ትርጉም ነው፤ ሴፕሲስ፣ ሲቪር (ከባድ) ሴፕሲስ፣ ሴፕቲክ ሾክ እያለ የሚከፋፍለው። በ2024 ፊኒክስ የሚባለው አዲስ መስፈርት ወጣ፤ «ሲቪር» የሚለው ቃል ቀረ። ምክንያቱም ሴፕሲስ ራሱ አሁን የሚባለው ኢንፌክሽኑ ለሕይወት የሚያሰጋ የአካል ክፍል ጉዳት ሲያስከትል ነው። ዋናው ነገር ግን ፊኒክስ ለማጣሪያ አልተሠራም። ነጥቡን ለመቁጠር የፕሌትሌት፣ የላክቴት፣ የደም መርጋት ውጤት ይፈልጋል። የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ልጁ ይቀድማችኋል። በር ላይ ያለን መሣሪያ ዓይን፣ እጅና የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ነው። እሱም ይበቃል፣ በሥርዓት ከተጠቀማችሁበት።

መጀመሪያ ሳትነኩት እዩት። የዓለም ጤና ድርጅት የትሪያጅ፣ ማለትም ማን ቀድሞ ይታይ የሚለውን የመለየት፣ አሠራር የሚጀምረው ከዚህ ነው። አየር መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል ወይ? ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ በጭንቅ ይተነፍሳል ወይ? ራሱን ስቷል፣ ወይስ እያንቀጠቀጠው ነው? ከነዚህ አንዱ ካለ ማጣሪያው እዚያው አለቀ። ካርድ ይውጣ፣ ስም ይጻፍ የሚባል ነገር የለም። ልጁን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ካርዱን ሌላ ሰው ያውጣው።

ከነዚህ ምንም ከሌለ ቁጠሩ። ቁጠሩ ስል 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን አይደለም። ሙሉ 1 ደቂቃ። ወረፋው እንደሚገፋችሁ አውቃለሁ። የልብ ምቱ ሕፃን ላይ ከ180፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ከ140፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ130፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ110 ካለፈ ክበቡበት። ትንፋሹን ሆዱን እያያችሁ ቁጠሩ፤ ከ2 ወር በታች 60 እና በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ፈጣን ነው። ሙቀቱ ከ38.5 በላይ ወይም ከ36 በታች ከሆነ ያው ነው። «በታች» የሚለውን አትዝለሉት። በተለይ ጨቅላ ሕፃንና በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሴፕሲስ ይዞት ትኩሳት ላያወጣ ይችላል፤ እንዲያውም ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የሚያለቅስ፣ ትኩሳት ያለው ልጅ ሁሉ ልቡ ይፈጥናል። በቁጥር ብቻ ከሄዳችሁ ግማሹን ኮሪደር ሴፕሲስ ልትሉት ነው፣ ከዚያ ማንም አይሰማችሁም። ስለዚህ ቁጥሩ የመጀመሪያው ወንፊት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በኮምፒውተር የሚሠሩ ትልልቅ የውጭ ሆስፒታሎችም መንገዳቸው ይኸው ነው፤ ማሽኑ ትኩሳቱንና የልብ ምቱን አይቶ ይጮሃል፣ ከዚያ ነርሷና ሐኪሙ አልጋው ጋ ቆመው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ቆዳው እንዴት ነው? ደሙ ቶሎ ይመለሳል? ንቃቱስ? ሁለተኛው ወንፊት ይኸ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

የደም መመለስን፣ ካፒላሪ ሪፊል የምንለውን፣ ብዙ ሰው በችኮላ ነው የሚሠራው። ጥፍሩን ጫን አድርጎ ለቀቅ፣ «2 ሰከንድ»፣ ቀጣይ። እንዲህ አይደለም። የአውራ ጣቱን ጥፍር ወይም ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት ከ3 እስከ 5 ሰከንድ እስኪነጣ ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ከዚያ አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት እያላችሁ ቁጠሩ። ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ መጥፎ ነው። ልጁ ዝናብ መትቶት ከሆነ የመጣው ጥፍሩ ሊያሳስታችሁ ይችላል። እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ በደረቅ ነገር ሸፍኑት፣ ደረቱ ላይ ሞክሩ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ እጁን እንደገና እዩ። የበረደው ልጅ ይሞቃል። ሾክ ያለበት፣ ደም ለአካሉ በበቂ የማይደርስለት፣ አይሞቅም። መብራት ከሄደ ደግሞ የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩ፣ ፊት ለፊት ካበራችሁት ጥፍሩ ሁሉ ነጭ ይመስላል።

ቆዳውን ስታዩ የኛ ልጆች ቆዳ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሥዕል አይደለም። ዥጉርጉር መሆኑ፣ መገርጣቱ ቶሎ አይታይም። መዳፉን፣ የውስጥ እግሩን፣ ከንፈሩን ገልብጣችሁ፣ የዓይኑን የታች ሽፋን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ። ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ካገኛችሁ ሐኪም እየተጠራ መሆን አለበት።

ንቃቱን ለማየት ቁልፍ አንቀጭቅጩ። ዓይኑ ይከተላል? እጁን ይዘረጋል? የሚያለቅስ ልጅ ራሱ ይለያያል፤ እናቱ ስታቅፈው ዝም የሚል አለ፣ ሲያቅፉት የሚብስበት አለ። ሁለተኛው ማጅራት ገትርን ያስጠረጥራል። የምር የሚያስፈራኝ ግን ዝም ብሎ የተኛው ነው። ካኑላ፣ የደም ሥር መርፌው፣ ሲገባለት እጁን የማይስብ የ2 ዓመት ልጅ «ጨዋ ልጅ» አይደለም።

ደም ግፊቱን ለኩ፣ ግን ደህና ስለሆነ አትጽናኑ። ልጅ ግፊቱን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ በአንዴ ይወድቃል። ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የላይኛው ቁጥር ከ70 ሲደመር ዕድሜው ሲባዛ በ2 በታች ከሆነ ወርዷል። ለ4 ዓመት ልጅ 78 ማለት ነው።

አሁን እናቲቱን አዳምጡ። «ሲስተር፣ ልጄ ልጄ አይደለም» ካለቻችሁ ይህ ምልክት ነው፤ ካርዱ ላይ በቃሏ ጻፉት። ፈዘዘብኝ፣ ጡት እምቢ አለኝ፣ ሳቅ ጠፋበት፣ ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም፤ እነዚህን ከማንኛውም ቁጥር እኩል ቁጠሯቸው። ኦሮምኛ የማትችሉ ቢያንስ ሁለት ቃል ያዙ፣ ሀርማ ጡት ነው፣ ፊንጫን ሽንት ነው፤ ለቀረው አስተርጓሚ ጥሩ። ደግሞ እንጥል ተቆርጦ ወይም ግግ ወጥቶለት እንደሆነ ጠይቁ። ኢንፌክሽኑ የገባው በዚያ በኩል ሊሆን ይችላል። ስትጠይቁ ግን ፊታችሁ አይቆጣ። አንዴ ከተቆጣችኋት ሁለተኛ እውነቱን አትነግራችሁም፣ የሚጎዳው ልጁ ነው።

እኔ አንድ ሌሊት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሳትኩ። ያኔ የምሠራው ሌላ ቦታ ነበር። የ3 ዓመት ልጅ፣ ሙቀቱ 36.4። እናቱ መንገድ ላይ ፓራሲታሞል ሰጥታው ነበር፣ አልጠየቅኋትም። «ትኩሳት የለውም» ብዬ ጻፍሁ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋቸው፤ የልብ ምቱን አልቆጠርሁም፣ ከኋላ 14 ሰው ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጠላዋን ይዛ መጣች፣ «ሲስተር፣ እግሩ በረዶ ሆነብኝ።» ስይዘው እስከ ጉልበቱ ቀዝቅዟል። ልቡ 172። ደረቱ ላይ ተጭኜ ስለቅቅ አምስት ቆጠርሁ። ልጁ ተርፏል። ያንን አንድ ሰዓት ግን ማንም አልመለሰለትም። እግር መያዝ የጀመርሁት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው።

እንግዲህ ኢንፌክሽን ከጠረጠራችሁና ከቆዳው፣ ከደም መመለሱ ወይም ከንቃቱ አንዱ ከተበላሸ በአፋችሁ ተናገሩ። ካርድ ላይ ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ መናገር አይደለም። ተረኛው ሐኪም ጋ ሄዳችሁ «ይህ ልጅ ሴፕሲስ ሊሆን ይችላል፣ አሁን ይታይልኝ» በሉ። ሰዓቱን ጻፉ። ሐኪሙ «ቆይ» ካለ በላይ ያለውን ጥሩ፣ ማንም አይቀየማችሁም፤ ቢቀየምም ያልፋል። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ እስኪሟላ አትጠብቁ።

ሐኪሙ እስኪመጣ እጃችሁ ሥራ አይፍታ። ኦክስጅን። ካኑላ። ሚዛን፣ ምክንያቱም ሁሉም መድኃኒት በኪሎ ነው። ስኳሩን ለኩ፤ ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ላይ ከ54 በታች ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ከአሰንዳቦ ወይም ከጊቤ ግድብ ዳርቻ የመጣ ከሆነ የወባ ምርመራ ወዲያው ላኩ፣ ግን ወባ ተገኘ ብላችሁ ሴፕሲሱን አትርሱት፣ ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ ይኖራሉ። ብለድ ካልቸር፣ ደም ውስጥ ባክቴሪያ የሚፈለግበት ምርመራ፣ ካለ ከመድኃኒቱ በፊት ይወሰድ፤ ከሌለ ወይም ደም እምቢ ካለ መድኃኒቱ አይጠብቅ።

አንቲባዮቲኩን በተመለከተ የ2020ው ዓለም አቀፍ መመሪያ ግልጽ ነው። ሾክ ካለ በ1 ሰዓት ውስጥ። ሾክ ከሌለና ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ እስከ 3 ሰዓት ድረስ መርምሮ መወሰን ይቻላል። ይኸ ሁለተኛው ክፍል የተጻፈው ለትኩሳት ሁሉ ሴፍትሪያክሶን እንዳንወጋ ነው፤ ቸል የምንለውም እሱን ነው።

ፈሳሽ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ልጆች ላይ የተሠራው ፊስት የተባለው ጥናት ያልጠበቅነውን ነው ያሳየን፤ ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ሞቱ። ስለዚህ ቀዝቃዛ እጅ፣ ከ3 ሰከንድ በላይ የሆነ የደም መመለስ፣ ደካማና ፈጣን ትርታ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሲገኙ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ሾክ የሚለው። ያኔ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል። በጣም የገረጣ ልጅ ደም ነው የሚያስፈልገው። በምግብ እጥረት የተጎዳው የራሱ መጠን አለው፣ መመሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ፈሳሹ እየገባ ከልጁ አትራቁ። ጉበቱ ከጎድኑ በታች እየወረደ ከመጣ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ አቁሙና ሐኪም ጥሩ።

መጀመሪያ ስታዩት ደህና የነበረውን ልጅስ? ብዙ የሚያመልጠን እሱ ነው። ማጣሪያ አንዴ ተሠርቶ የሚዘጋ ነገር አይደለም። የልብ ምቱ ከፍ ያለ ሌላው ደህና የሆነ ልጅ ፓራሲታሞል ይሰጠው፣ ትኩሳቱ ሲወርድ እንደገና ይቆጠር። በየ1 ዲግሪው ወደ 10 ምት ገደማ መውረድ አለበት። ትኩሳቱ ወርዶ ልቡ ካልወረደ ወደ ሁለተኛው ወንፊት ይመለስ። አግዳሚው ላይ ያሉትን ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ዞራችሁ እዩ፣ ፈረቃ ስትቀያየሩም የተጠረጠረውን ልጅ በስም ሳይሆን በእጅ አስረክቡ፤ አልጋው ጋ ሄዳችሁ፣ እግሩን እያስያዛችሁ።

ወደ ቤት የምትልኩትን እናት ደግሞ «ከባሰበት ተመለሺ» ብላችሁ አትሸኟት። ምኑ ሲብስ? ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ ስትቀሰቅሽው ካልነቃ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንት ከጠፋ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ በሌሊትም ቢሆን ነይ በሏት፤ ከዚያ እሷው መልሳ ትንገራችሁ። ቤቷ ሩቅ ከሆነና ከመሸ ደግሞ አትልቀቋት። በሌሊት ከዴዶ መኪና አታገኝም። ጠዋት ድረስ አግዳሚው ላይ ትደር፣ እናንተም ልጁን ሁለቴ ቁጠሩት።