ቡችላ ስትገዙ ሕጉን የምትስቱባቸው ቦታዎች

«ውሻ መሸጥ ተከልክሏል እኮ» የሚለው ወሬ እውነትነቱ ግማሽ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ካሊፎርኒያ ከ2019፣ ሜሪላንድ ከ2020፣ ኒው ዮርክ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) የከለከሉት የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቁን ነው። ቤቱ ያረባውን ቡችላ ራሱ ለገዢ የሚያስረክብ ሰው አልተከለከለም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ሱቁ ሲዘጋ ደላላው ስልክ ላይ ገባ። «ቤት ውስጥ ያደገ» ይላችኋል፤ ቤቱን አሳየኝ ስትሉት የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ይቀጥራችኋል። እናትየው የት ናት ሲባል «እህቴ ጋ ናት»። ምን ያህል ጊዜ ነው ይሄንን የምንሰማው? ቡችላው ከሌላ ግዛት የመጣ ከሆነ የጤና ምስክር ወረቀት አብሮት ይመጣል። ወረቀቱን ተቀበሉና የላኪውን ስምና አድራሻ አንብቡ። ሚዙሪ ወይም አዮዋ ያለ አራቢ ከተጻፈ፣ ከፊታችሁ የቆመው ሰው አላረባውም ማለት ነው። ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የተቀበረ መለያ ቁጥር) ካለውም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አስነብቡና ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ካሊፎርኒያ ሌላ ሰው ያረባውን ለትርፍ የሚያሻሽጥ ደላላን ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክላለች።

ቀብድ። ሳታዩት አትክፈሉ፤ በቃ።

«ከመጠለያ (የተጣሉ እንስሳት ማቆያ) የመጣ ነው» መባሉም ብቻውን አያሳርፍ። የካሊፎርኒያው የመጀመሪያ ሕግ ሱቆች የመጠለያና የነፍስ አድን ድርጅቶችን እንስሳት እንዲሸጡ ፈቅዶ ነበር። ወዲያው በወረቀት ብቻ «ነፍስ አድን» የሆኑ ድርጅቶች ብቅ አሉና፣ የስምንት ሳምንት ንጹሕ ዘር ቡችሎችን በሺዎች ዶላር መሸጥ ተጀመረ። የተጣለ ውሻ ሁሉ ስምንት ሳምንት የሞላው ፑድል ይሆናል እንዴ? ቀዳዳው በ2021 ተደፈነ። አሁን ሱቁ ለእነዚህ ድርጅቶች እንስሳት ማሳያ ቦታ ይሰጣል እንጂ ራሱ ውሻ፣ ድመትም ሆነ ጥንቸል አይሸጥም፣ ለቦታውም ገንዘብ አይቀበልም። እንስሳው የመከነ መሆን አለበት፤ ጠቅላላ ክፍያውም ከ500 ዶላር አይበልጥም። 1,800 ከተጠየቃችሁ ውጡ።

በየወሩ ክፈል የሚል ውል ሲቀርብላችሁ ብድር ይሁን ኪራይ ለዩ። ኪራይ ከሆነ ክፍያው እስኪያልቅ ውሻው የእናንተ አይደለም፤ ካቋረጣችሁ ይወሰዳል። ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ውል ከ2018 ጀምሮ ዋጋ አሳጥታዋለች።

የአንዱን ግዛት ሕግ ለሌላው አትጥቀሱ። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ጥንቸልንም ይጨምራሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት የሚሠራው የሜሪላንድ ሕግ ውሻና ድመት ላይ ያበቃል። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነው፦ በእንግሊዝ ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ወዲህ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል ነጋዴ ከሌላ ገዝቶ መልሶ መሸጥ አይችልም። ወይ ካረባው ሰው ቤት እናቱ አጠገብ አይታችሁ ትገዛላችሁ፣ ወይ ከመጠለያ ትወስዳላችሁ። እናት የተባለችው ጡቷ ያላጋተ፣ ቡችሎቹንም ዞር ብላ የማታይ ከሆነ ለማሳያ የመጣች ልትሆን ትችላለች።