ከአልጋ ሥር አልወጣ ያለችው የ12 ዓመት ድመት

ከጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት እንደመጣች አልጋ ሥር ተወሸቀች፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ምግብ አልነካችም። ስህተቱ ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ መክፈት ነበር። መፍትሔው አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት በር የተቀደደለት ካርቶን፣ ውስጡም የቀድሞ ቤቷ ጠረን ያለበት ጨርቅ (እንዳይታጠብ!)። የአልጋው ሥር የሚደፈነው እሷ ስትወጣ ብቻ ነው።

የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን መግቢያ ከ8 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። መገጣጠሚያዋ የሚያማት አሮጊት ድመት ከፍ ያለውን መሻገር ስለሚከብዳት ምንጣፍ ላይ ትሸናለች። አሸዋውም የለመደችው ዓይነት ይሁን።

እርጥብ ምግብ ለብ ሲል ሽታው ይጎላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ከአሸዋው ራቅ አድርጎ። በሁለተኛው ሌሊት ሳህኑ ተልሶ አደረ። 24 ሰዓት ምንም ካልቀመሰች ግን ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ይደወል፤ ሳትበላ የቆየች ድመት ጉበቷ ስብ ሊሞላ ይችላል።