የፒፓ መምጠጫ ቢጫ ሲሆን የሚሠሩ ስህተቶች

ያረጀ የትምባሆ ፒፓ ለእድሳት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እንጨቱን አይደለም። አፍ ውስጥ የሚገባውን ጥቁሩን ክፍል፣ መምጠጫውን ነው። እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። መምጠጫው ላይ ግን ባለቤቱ ያደረሰው ጉዳት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የማወራው ከቮልካናይት፣ ማለትም ከጠንካራ ጎማ፣ ስለተሠራ መምጠጫ ነው። ኤቦናይትም ይሉታል። የእናንተ መምጠጫ አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ በዚህ አትጨነቁ፤ እሱ ቢጫ አይሆንም። ካላወቃችሁት የደበዘዘውን ቦታ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ እሹትና አሽትቱት። ድኝ ድኝ ካላችሁ ቮልካናይት ነው።

ትልቁ ስህተት ቢጫውን ቆሻሻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሌላው ጥፋት ሁሉ ከዚህ ይወለዳል። ቮልካናይት ብዙ ድኝ ገብቶበት በሙቀት የጠነከረ ጎማ ነው፤ ኔልሰን ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1851 ፓተንት ያወጣበት ያው ጠንካራ ጎማ። የክላርኔት አፍም ከእሱ ይሠራል፣ እሱም ሲያረጅ እንዲሁ ይደበዝዛል። ብርሃን፣ አየር፣ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት የላይኛው ገጽ ራሱ ይለወጣል። መጀመሪያ ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ብሎም ወደ አረንጓዴ ያደላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ይመርራል። ስለዚህ የሚታጠብ ነገር የለም። የተለወጠው ሽፋን መነሳት አለበት፣ ያውም በስሱ።

ቫዝሊንና የወይራ ዘይት የምትቀቡ ሰዎች፣ ይኼ ለእናንተ ነው። እርጥብ ድንጋይም ጥቁር ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል።

አሁን ወደ በረኪናው። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አልቋል። በየወሩ አንድ ሰው «በረኪና ውስጥ ነክሬው ነበር» እያለ ፊቱን አጥፍቶ ይመጣል። አዎ፣ በረኪና ቢጫውን ያነሳል። ግን ቢጫውን አንስቶ አይቆምም። ጤነኛውንም ገጽ እየበላ ይሄዳል። ሲወጣ ጥቁር ነው፣ ግን እንደ ከሰል የሞተ ጥቁር። በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ያንን ለማስተካከል ብዙ መፋቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሲፋቅ ደግሞ መምጠጫው ይቀጥናል።

ከየት አወቅሁት? እኔው ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ እያለሁ አንዱን ማታ ነክሬ ተኛሁ። ጠዋት ያወጣሁት ነገር መምጠጫ አይመስልም። ለሁለት ቀን ፋቅሁት። በመጨረሻ አበራሁት፣ ግን ጎኑ ላይ የነበረው የፋብሪካው ማኅተም የለም፣ ከእንጨቱ አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታም ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ተፈጥሯል። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

መንከር ካስፈለገ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ክሎሪን የሌለበት፣ በኦክስጅን የሚሠራ የልብስ ማንጫ ዱቄት ይበቃል። ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ማኅተሙ ላይ አስቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡበት፤ የቫዝሊን ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። ሲወጣ ሽፋኑ ስለሚላላ በሻካራ ጨርቅ ሲታሽ ቡናማ ሆኖ ይለቃል።

ለብ ያለ ነው ያልኩት። የፈላ አይደለም። አንዱ ወዳጄ «ጀርሙን ልግደል» ብሎ ቆልማማ መምጠጫውን የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው። ሲያወጣው ቀጥ ብሏል! ቆልማማ መምጠጫ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለው በሙቀት ተለስልሶ የታጠፈ ነው፤ ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ቀጥ ከማለቱም ሌላ ይባስ ቡናማ ሆኖ ነበር። እየሳቅሁ መልሼ አጠፍኩለት።

ቀጥሎ መፋቅ። ጀማሪዎች መምጠጫውን ይነቅሉና ብቻውን ይዘው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉታል። እንጨቱን የሚነካው ስል ጠርዝ ይዶለዱማል። መልሰው ሲገጥሙት ዙሪያውን ቀጭን ቦይ ይታያል፤ ያንን ቦይ የሚሞላ ፖሊሽ የለም። ወይ ከእንጨቱ ጋር እንደተገጠመ እንጨቱን በፕላስተር ሸፍናችሁ ፋቁ፣ ወይ ወደ አንገቱ በሚገባው ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገቡ። ወረቀቱ ሮንዴላውን ይብላ።

የብርጭቆ ወረቀቱን ቁጥር አትዝለሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል። 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ሁልጊዜ በውሃ እያራሳችሁ። ከ400 ወደ 2000 የዘለለ ሰው ጭረቱን የሚያየው ማብራት ሲጀምር ነው፣ ያኔ እንደገና ከ400።

የፖሊሽ ማሽን ያላችሁ አትጫኑት። የተቃጠለ ጎማ ከሸተታችሁ ጊዜው አልፏል።

የጥርስ ምልክትን በላይተር ነበልባል ማንሳት ይቻላል፣ ጎማው ሲሞቅ በጥርስ የጎደጎደው ቦታ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ነበልባሉ አንድ ቦታ ከቆመ ግን አረፋ ያወጣል። እጃችሁ ካልለመደ ተዉት።

ፒፓው ትኩስ እያለ መምጠጫውን አትንቀሉ። አንገቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይኼን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም።

ካጨሳችሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ ምራቅ ላዩ ላይ አይደር። ከዚያ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። መስኮት አጠገብ ለውበት የሚደረድሩ ሰዎች አሉ። በቅርቡ አንዱ ሰባት ፒፓ ይዞ መጣ፣ የሁሉም መምጠጫ ግራ ጎኑ ቡናማ፣ ቀኝ ጎኑ ጥቁር። «ፋብሪካው ነው ያጭበረበረኝ» ይላል። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ስነግረው ደነገጠ።