የስፒትፋየር ሞዴሎችን የመዞር ብቃት ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስፒትፋየር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው ሳይቋረጥ የተመረተ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ሞዴሎቹ ብዙ ስለሆኑ «የትኛው በጠባቡ ይዞራል?» የሚለው ክርክር አያልቅም። ብዙውን ጊዜ ግን ንጽጽሩ ገና ሲጀመር ይበላሻል።

ዋናው ስህተት ክብደትን ለክንፍ ስፋት አካፍሎ ፍርድ መስጠት ነው። ማርክ 9 የተባለው ሞዴል ለውጊያ ሲነሳ ወደ 3,400 ኪሎ ይመዝናል፤ ማርክ 14 ደግሞ ወደ 3,850። የሁለቱም ክንፍ 22.5 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዱ ካሬ ሜትር በማርክ 9 ላይ 151፣ በማርክ 14 ላይ 171 ኪሎ ይሸከማል። በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን ማርክ 14 በግልጽ መበለጥ ነበረበት። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሁለቱን አብርሮ ሲፈትሻቸው ግን የመዞሪያ ክባቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለሞተሩ ነው። አውሮፕላን አጥብቆ ሲዞር ወደ ኋላ የሚጎትተው የአየር ኃይል በጣም ያይላል፤ ፍጥነትና ከፍታ ሳያጣ መዞሩን የሚቀጥለው ያንን የሚያሸንፍ ጉልበት ካለው ነው። የማርክ 14 ግሪፎን ሞተር ከ2,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ስህተት ሁለት ዓይነት መዞርን ማደባለቅ ነው። አብራሪው መሪውን ድንገት ስቦ ለጥቂት ሰከንድ የሚያገኘው መታጠፍ በክንፉ አቅም ይወሰናል፤ ክብ በክብ ላይ እየደጋገመ የሚዞረው ግን በሞተሩ ጭምር። አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው ሲያወራ ክርክሩ መቋጫ የለውም።

የክቡን ጥበትና ዙሩ የሚፈጀውን ጊዜ እንደ አንድ ነገር መቁጠርም ያሳስታል። በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር እየበረረ በ4 ጂ (ማለትም የክብደቱን አራት እጥፍ ጫና እየተሸከመ) የሚዞር አውሮፕላን የክቡ ራዲየስ 325 ሜትር ያህል ነው፤ በ300 ኪሎ ሜትር በ3 ጂ የሚዞረው 250 ሜትር። የሁለተኛው ክብ በጣም ይጠባል። ሙሉ ዙር ለመጨረስ ግን የመጀመሪያው 18.4፣ ሁለተኛው 18.9 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ጠቦ የዞረው ቀድሞ አልጨረሰም!

ከፍታ ያልተጠቀሰበትን ንጽጽር እኔ አልቀበልም። የማርክ 5 ሞተር ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ባለ አንድ ደረጃ ስለነበር ከፍ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የማርክ 9 ባለ ሁለት ደረጃና ባለ ሁለት ፍጥነት ነው። ዝቅ ብሎ የተገኘ ውጤት 8,000 ሜትር ላይ አይሠራም። ነዳጁም ይታይ፦ የማርክ 5 ዋና ታንኮች 386 ሊትር ይይዛሉ፤ ይህ ወደ 280 ኪሎ ነው። አንዱን በሙሉ ታንክ፣ ሌላውን በግማሽ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም።

መጋደልን፣ ማለትም አንዱን ክንፍ ዝቅ ሌላውን ከፍ አድርጎ ወደ ጎን ማዘንበልን፣ ከመዞር ጋር የሚያምታቱም አሉ። ጀርመኖች ፎከ ቩልፍ 190 የተባለውን ተዋጊያቸውን እ.ኤ.አ. በ1941 ሲያሰልፉ በፍጥነት ወደ ጎን በመጋደል ስፒትፋየርን በለጠው። እንግሊዞችም የአንዳንዶቹን የክንፍ ጫፍ አሳጠሩ። አውሮፕላኑ ቶሎ መጋደል ቻለ፤ ግን 1 ካሬ ሜትር ያህል ክንፍ ስላጣ የመዞር ብቃቱ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ጥቂት ቀንሷል።

በመጨረሻም አቅጣጫ። ግሪፎን የሚሽከረከረው በማርክ 5 እና በማርክ 9 ላይ ካለው መርሊን ሞተር በተቃራኒ ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው የአየር ኃይሉ ፍተሻ ማርክ 14 ከቀኝ ይልቅ ወደ ግራ ትንሽ የተሻለ ዞሯል። ወደ አንድ ጎን ብቻ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር ሲያዩ ወደ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።