ከኤክስሬይ ሆሎግራም የአቶሞችን አቀማመጥ በላፕቶፕ እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ለዚህ ልኬት የሚያገለግለው ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን) አገራችን ውስጥ የለም፤ ስሌቱን ለመልመድ ግን ቂሊንጦ ወይም ቱሉ ዲምቱ ላለ ተማሪ ላፕቶፕና ፓይተን ይበቁታል። ምሳሌያችን መዳብ ነው።

መዳብ ከ8.98 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ኃይል ባለው ኤክስሬይ ሲመታ የራሱን ጨረር ያወጣል። አቶሙ ጋ በቀጥታ የደረሰው ሞገድ ጎረቤት አቶሞች ላይ ተበትኖ ከመጣው ጋር ስለሚደራረብ፣ የሚወጣው ጨረር ክሪስታሉ በዞረ ቁጥር በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ሆሎግራሙ ይህ ነው። ለውጡ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ስለሆነ፣ በየፒክስሉ (በእያንዳንዱ የተለካ አቅጣጫ) 1 ሚሊዮን ፎቶን ቢቆጠር እንኳ የቆጠራው ስህተት ምልክቱን ያክላል። 10 ሚሊዮን ይሻላል።

1. መጀመሪያ አንድ አቶም ብቻ 2.5 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አስር ቢሊዮንኛ ነው) ርቀት ላይ አስቀምጡና ሆሎግራሙን ራሳችሁ ፍጠሩ። ይህን ደረጃ በፍጹም አትዝለሉ። የጨረሩን አቅጣጫ ገልብጣችሁ ከጻፋችሁ ምስሉ ይገለበጣል፤ መዳብ ግን ከመሃል ወዲህና ወዲያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስህተቱን ይደብቅባችኋል።

2. እውነተኛውን ዳታ በገቢው ጨረር መጠን አካፍሉ። ለስላሳውን ዳራ ቀንሱ፣ በዚያው ዳራ አካፍሉ። የሚታዩትን ስስ መስመሮች የክሪስታሉን ዘንግ ለማስተካከል ተጠቀሙባቸው፤ ከዚያ አጣሯቸው።

3. ለእያንዳንዱ የቦታ ነጥብ፣ ርቀቱን ነጥቡ በጨረሩ አቅጣጫ ካለው ድርሻ ጋር ደምሩና በሞገድ ቁጥሩ አባዙ (የሞገድ ቁጥሩ በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የተለካው ኃይል በ0.507 ሲባዛ ነው)። ሆሎግራሙን በዚህ ኮሳይንና ሳይን ለየብቻ አባዝታችሁ በ1 ዲግሪ ልዩነት በ64,800ዎቹ አቅጣጫዎች ሁሉ ደምሩ። እያንዳንዱን ፒክስል ከቋሚው ዘንግ ባለው አንግል ሳይን አባዙት፤ ይህ ሲረሳ ዋልታው አካባቢ ያሉት ፒክስሎች ያለ አግባብ ይገንናሉ። ሙሉው ኪዩብ፣ በየአቅጣጫው እስከ 5 አንግስትሮም በ0.1 እርምጃ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። በአንድ ጠለል ጀምሩ፤ 10,201 ነጥብ ብቻ ነው።

4. በአንድ ኃይል ብቻ ከሠራችሁ፣ ከአቶሙ ተቃራኒ እኩል የሚያበራ መንታ ምስል ይወጣል። ከ9.5 እስከ 13 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በ0.5 ልዩነት 8 ሆሎግራሞችን ስትደምሩ መንታው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይባክን የእያንዳንዱን ኃይል ውጤት ለብቻው ፋይል አድርጉ፤ ነገር ግን ኮምፕሌክስ ቁጥሩን (የኮሳይኑንና የሳይኑን ድምር ሁለቱንም) እንዳለ አስቀምጡ። ፍጹም ዋጋውን ብቻ ካስቀመጣችሁ መንታው አይጠፋም።

መሃለኛው ጠለል ላይ አራት አቶሞች በሁለቱም ዘንግ 1.81 አንግስትሮም ላይ፣ ከመሃሉ 2.56 ርቀው መታየት አለባቸው። ከ1 አንግስትሮም በታች የሚያበራ ነጠብጣብ ካያችሁ አቶም ብላችሁ አትቁጠሩት።